አባቴ ድኗል የተባለበት ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ ድንች ልገዛ ደብረ ማርቆስ ገበያ ወርጄ፣ አንዲት ሴትዮ የጆንያዋን አፍ ስትፈታ የማውቀው ሽታ መጣብኝ። ጨለማ ቤት ከርሞ ማቆጥቆጥ የጀመረ የዘር ድንች ሽታ ነው፤ እርጥብ አፈር፣ ትንሽ ሻጋታ፣ ከሥሩ ደግሞ ጣፈጥ ያለ ነገር። ሴትዮዋ «ይኼ ለወጥ አይሆንሽም እታለም፣ የዘር ነው» ብላ ወደ ሌላው ጆንያ ስትመራኝ እኔ በሐሳቤ ሮብ ገበያ የምትባለው ትንሽ ከተማ ደርሻለሁ፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ በአከራያችን በእማሆይ ግቢ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ የበቀለውን ድንች ካልበቀለው እየለየሁ።

ገጠር ተወልዶ ከተማ የተማረ የእኔ እኩያ ሁሉ የስንቅን ነገር ያውቃል። ለማያውቅ ላስረዳ። ከጮቄ ተራራ ሥር ካሉ መንደሮች የምንመጣ ልጆች ሰባተኛ ክፍል ስንደርስ ሮብ ገበያ ቤት እንከራይ ነበር። ዓርብ ከሰዓት ባዶ ቋጠሯችንን ይዘን ወደየቤታችን እንወጣለን፤ እሑድ ድርቆሽ፣ ሽሮና ቆሎ ተሸክመን እንወርዳለን። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ጉሙ ሲወርድ ፊት የሚሄደው ጓደኛሽ ይጠፋሻል፣ ድምፁ ብቻ ይቀራል። ስንቃችንን አንድ ላይ ዘርግተን የማን እናት ሽሮ በርበሬ ይበዛዋል እያልን እንሟገት ነበር። አብራኝ የተከራየችው ብርቄ «የእናትሽን ሽሮ የበላ ጉም አይፈራም፣ ከውስጥ ይነዳል» ብላ ስታሾፍብኝ ትዝ ይለኛል። ያ ግን አባቴ ከመሞቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ብርቄም መቀለድ ተወች።

አባቴ ገብስና ድንች አራሽ ነበር። ሰው ሁሉ አያሌው ይለዋል። ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ ጠዋት ጉሙ ከጮቄ ተንከባሎ ደጃችን ሲደርስ «እንግዶቻችን መጡ፣ በር ክፈቱላቸው» ይለን ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከመኸር በኋላ ዝም አለ። መጀመሪያ ቀልዱ ቀረ፣ ቀጥሎ ንግግሩ፣ ቀጥሎ መብሉ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። በሬዎቹ ሲያገሱ አይሰማም፤ ታናሽ ወንድሜ እጁን ይዞ ሲጎትተው እጁ እንደ ሌላ ሰው እጅ ይከተለዋል እንጂ እሱ አይነሣም። ዛሬ ይህ ነገር ስም አለው፤ ድባቴ ይሉታል። ሕመም ነው፣ መድኃኒትም አለው። ያኔ በእኛ ሰፈር ስም አልነበረውም። አንዱ ዓይነ ጥላ ነው አለ፣ አንዱ ሰው አስነክቶት ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ ጥጋብ ነው አለ።

እናቴ እኛን ለአክስቴ ትታ ጸበል ወሰደችው። ከጎኑ ሳትለይ ጾሙን እዚያው ጾማ፣ ለፋሲካ ይዛው ተመለሰች። ተሽሎት ነበር። ይበላል፤ ሲያናግሩት ይመልሳል፤ በሬዎቹን ጠምዶ የድንቹን መሬት አረሰ። በአገራችን ልማድ ጸበል ገብቶ የዳነ ሰው በአደባባይ ይመሰክራል፤ ያላፈረ እንጂ ያፈረ አይድንም ይባላል። የደብራችን ንግሥ ሲደርስ እናቴ ለስለቷ ጃንጥላና ጧፍ አስገባች። ከዚያ አባቴን አጠገቧ አቁማ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «ባለቤቴ ድኗል! እንደ ድሮው ሆኖልኛል! እልል በሉልኝ!» አለች። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እልል አልኩ። አባቴ አዲስ ጋቢውን ለብሶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መሬት መሬት ያይ ነበር። ትሕትና መሰለን።

ክረምቱ ሳይወጣ፣ አንድ ማለዳ፣ አባቴ በገዛ እጁ ሞተ። ስለ አሟሟቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የቀብሩን ነገር ግን መጻፍ አለብኝ፤ የዚህ ታሪክ ጭንቅ እሱ ነውና። በሥርዓቱ መሠረት ራሱን ያጠፋ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፤ ካህናት ነፍሱን ይቅር በል ብለው አይጸልዩለትም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አያርፍም። አእምሮው የታወከ ሕመምተኛ ከነበረ ግን ይታሰብለታል። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደተቀመጠ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ከጥዱ ሥር ቆሙ። እኔ ሴቶቹ መሐል ሆኜ እሰማ ነበር።

«ታሞ ነበር እኮ» አለ አጎቴ። «አገር ያውቃል። አእምሮው የሱ አልነበረም።»

«ታሞ ነበር፤ ግን አልዳነም ወይ?» አለ አንድ ሽማግሌ። «ባለፈው ንግሥ እልል ብለንለት የለም?»

የንስሐ አባታችን ቄስ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር፤ አባቴን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል። ቀስ ብለው ወደ እናቴ ዞረው «ምን ልበል ልጄ?» አሏት። «አልዳነም ነበር ብል ታምሩን ሐሰት ላደርገው ነው። ድኖ ነበር ብል እሱን ላስፈርድበት ነው። አንቺ ነሽ የመሰከርሽ።» እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለ ሽማግሌው፣ ለክፋት ሳይሆን እንዲያው ለራሱ። አባቴ ከአጥሩ ውጭ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከበቀለበት ቁልቁለት ላይ ተቀበረ። ዓርባው ሲደርስ ተዝካር አልነበረም። ስሙን የጠራ ካህን አልነበረም።

ከዚያ ጀምሮ እናቴ ቤተ ክርስቲያን መሳሟን ተወች። ደወሉ ሲደወል ወይ ወደ ወንዝ ትወርዳለች፣ ወይ ቤት ገብታ ትዘጋለች። የአባቴን ስም በቤታችን አትጠራም። ወንድሜ «አባባ» ካለ ጀርባዋን ሰጥታ ትወጣለች።

መስከረም ሲጠባ እኔ ተመልሼ ሮብ ገበያ ወረድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። እረፍት ላይ አንድ ልጅ ከኋላዬ «የአጥር ውጭ ልጅ» ሲለኝ ዞሬ በደብተር ቦርሳዬ ፊቱን መታሁት፤ ደም በደም ሆነ። ወላጅ አምጪ ተባልኩ፤ የማመጣው አልነበረኝም። ብርቄ የሰንበት ትምህርት ቤት ብንሄድ ይቀልሽ ነበር ብላ ወሰደችኝ። እንደ ዕጣዬ ሆኖ የዚያ ቀን ትምህርት ስለ ይሁዳ ነበር። የሚያስተምረው ወጣት እኔን አያውቀኝም፤ ሠላሳ ብሩን ከነገረን በኋላ አሟሟቱን ነገረን፣ «ከክህደቱ ይልቅ ተስፋ መቁረጡ ጣለው» አለ። ከፊቴ የተቀመጡ ሴቶች ልጆች አንድ በአንድ ዞረው አዩኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ብርቄ ስትጠራኝ አልዞርኩም።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ለመግለጽ አሁንም ቃል ያንሰኛል። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የመጀመሪያው ሐሳቤ «በቃኝ» ነበር። ምን እንደበቃኝ አላውቅም፤ ትምህርቱ፣ መንገዱ፣ የእናቴ ዝምታ፣ ሁሉም። ለአባቴ የሆነው ነገር በእኔም ደም ውስጥ ያለ መሰለኝ። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ፊቴ ወደ ግድግዳ ዞሮ ባገኘው ጊዜ ደነገጥኩ።

ያከራዩን ሴት መነኩሲት ነበሩ፤ እማሆይ ነው የምንላቸው። አጭር፣ ጥርሳቸው የወላለቀ፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። ጓሯቸው ድንች ይተክሉ ነበርና ከሰዓት ከትምህርት ስንመለስ የዘር ድንች እንድንለይላቸው ያስቀምጡናል። ዓይን ያወጣውን ለዘር፣ የለሰለሰውን ለከብት፣ ደኅናውን ለድስት። አንድ ቀን ብርቄ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ሁለታችን ቀረን። የያዝኩትን ድንች የበሰበሱት ላይ ስወረውር አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ድንቹን ነው የምትለዪው ወይስ የምትረግሚው?»

ሌላ ድንች አነሣሁ።

«ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጥተሽ ሮጥሽ አሉ።»

«የይሁዳን ነገር አልሰማም» አልኩ። «አባቴ ማንንም አልሸጠም።»

እማሆይ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «የሚያስተምረው ልጅ ገና ነው፤ አንዱን ታሪክ ይዞ ሮጠ። መቼ አንድ ታሪክ ብቻ አለና! ሞትን የለመነ ነቢይ እንዳለስ ነግሮሻል?»

አልነገረኝም ነበር። እማሆይ የኤልያስን ታሪክ ነገሩኝ፤ በዚያ በጥርስ አልባ አፋቸው፣ ድንቹን እየለዩ፣ የጎረቤት ሰው ወሬ የሚያወሩ ይመስል። ሰማይን የዘጋ፣ እሳት ያወረደ ትልቅ ሰው፣ አንዲት ንግሥት ዛተችበትና ልቡ ከዳው። ምድረ በዳ ገብቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጋደመ። በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰዳት አለ። «ልብ በዪ» አሉኝ። «በቃኝ ያለው ነቢዩ ነው፤ ከሐዲ አይደለም። እግዜር ምን አደረገው? ተቆጣው? ገሠጸው? ምንም አላለው። እንጎቻና ውኃ በመልአክ እጅ ላከለት። ብላ፣ መንገዱ ሩቅ ነው አለው። በልቶ ተመልሶ ተኛ። አሁንም አልተቆጣውም፤ ዳግመኛ ቀሰቀሰው።»

«በቃኝ» የሚለውን ቃል ከእሳቸው አፍ ስሰማ የያዝኩትን ድንች አስቀመጥኩ። ለማንም አልተናገርኩትም ነበር። እኔ ብቻ የምደብቀው ነውር መስሎኝ የኖረው ቃል በቅዱስ ታሪክ ውስጥ፣ በነቢይ አፍ፣ በግልጥ ተቀምጦ አገኘሁት። ዛሬ ለተማሪዎቼ ታሪክ ለምን እንደሚነገር ሳስረዳ ይህን ቀን አስባለሁ፤ ታሪኩ ጭንቄን አልወሰደልኝም፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ነው ያሳየኝ። ግን ወዲያው ሌላ ነገር ውስጤ ተነሣ።

«አባቴንስ?» አልኳቸው። «እሱን ማን ቀሰቀሰው?»

እማሆይ የያዙትን ድንች ከየትኛው ክምር እንደሚያደርጉት የጠፋቸው ይመስል አገላበጡት። «አላውቅም ልጄ» አሉ በመጨረሻ። ብዙ ትልልቅ ሰዎች ብዙ መልስ ሰጥተውኝ ነበር፤ አላውቅም ያሉኝ እሳቸው የመጀመሪያዋ ናቸው። ከዚያ «ስመ ክርስትናው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። «ካህኑ ላይጠራው ይችላል። እኔ በገዛ ጸሎቴ የማንን ስም እንደምጠራ ግን የሚያዝዘኝ የለም።»

ስመ ክርስትናውን አላውቅም። የአገሬ ሰው ይህን ይረዳልኛል፤ ያ ስም ለጸሎት እንጂ ለመጣሪያ አይደለም፣ ልጅ የአባቱን ላያውቅ ይችላል። እናቴ ግን ታውቀዋለች። «ቄሱ ዘንድ ሰው ብልክ ይነግሩኛል» አሉ እማሆይ፣ «ግን ከእናትሽ አፍ ቢወጣ ይሻላል። ሂጂ ጠይቂያት።»

ዓርብ ከሰዓት ያንን ሽቅብ መንገድ እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ወጥቼው አላውቅም። እናቴ ደጅ ተቀምጣ ገብስ ታበጥር ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት። ስሙን ስላት እጇ ቆመ።

«የማንን ስም?»

«የአባባን። ስመ ክርስትናውን። እማሆይ ሊጸልዩለት ነው።»

«ከአጥር ውጭ ያስቀበረው የኔ አፍ ነው» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። «ከእንግዲህ ይኼ አፍ ስሙን አይጠራም። ተነሽ፣ ወንድምሽ በጎቹን አግብቶ እንደሆን እዪ።»

አልተነሣሁም። የኤልያስ ታሪክ እኔን እንዳነሣኝ እሷንም የሚያነሣት መስሎኝ፣ እማሆይ እንደነገሩኝ አድርጌ ነገርኳት፤ ዛፉን፣ በቃኝ ያለውን፣ መልአኩን፣ እንጎቻውን። እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«በላ?» አለችኝ።

«በላ።»

«ከዚያስ?»

«ተነሥቶ መንገዱን ሄደ።»

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «እኔም አብልቼዋለሁ» አለች። «ያን ለታ ማለዳ፣ የገብስ እንጎቻ ከወተት ጋር። ጨርሶ ነው የበላ። ምረቂኝ አለኝ፣ መረቅሁት። በልቶ ነው የሄደ።»

ሰፌዱን አንሥታ ቤት ገባች። እኔ እዚያው ቀረሁ፤ ገለባው በነፋስ እግሬ ላይ ይመጣል። እኔን ያቆመኝ ታሪክ እናቴን ወጋት። እሑድ ስንቄን ቋጥራ ስትሰጠኝ አላየችኝም፤ እኔም አላየኋት።

ሮብ ገበያ ደርሼ ለእማሆይ ስነግር በቁጣ ነበር። «ታሪክዎ ውሸት ነው» አልኳቸው፤ ለመነኩሲት እንዲህ ሲባል ብርቄ ደንግጣ አፏን ያዘች። እማሆይ አልተቀየሙም። እንጎቻ ጋግራ ነበር የሚለውን ሲሰሙ ግን ተቀመጡ፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁ» አሉ። «በሰው እጅ ታሪክ አይላክም። ራሴ እሄዳለሁ።»

የሚቀጥለው ዓርብ አብረን ወጣን። በየዳገቱ እየቆሙ «ይኼን ተራራ እግዜር የሠራው ለመነኮሳት ቅጣት ነው» ይላሉ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ይተነፍሳሉ፤ ደግሞ ይነሣሉ። እናቴ ከሩቅ አይታ ወጥታ ተቀበለቻቸው፣ እግራቸውን አጠበች፣ አጎዛ አነጠፈችላቸው። የአንገት መስቀላቸውን ስታይ ግን ልትሳለመው አልቀረበችም።

«እማሆይ» አለች ገና ሳይቀመጡ፣ «ኤልያስ በላ፤ የኔም ባል በላ። ኤልያስ ተነሣ። የኔ ለምን አልተነሣም?»

«አላውቅም» አሉ እማሆይ።

«ካላወቁ ምን ሊሉኝ መጡ?»

«ልሰማሽ። ለምን ድኗል እንዳልሽ ንገሪኝ። ማንም አልጠየቀሽ ይሆናል።»

እውነት ነው፤ ማንም አልጠየቃትም ነበር፣ እኔም ጭምር። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ሳቀ እኮ» አለች። «ከጸበሉ ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ጭቃው አንሸራተተኝና ከነጸበል ጀሪካኔ ወደቅሁ። ቀና ስል እሱ ይስቃል። ያ ሁሉ ጊዜ ጥርሱን ያላየሁት ሰው! ሊያነሣኝ እጁን ሲሰጠኝ ራሱም ወደቀ። ጭቃ ላይ ተቀምጠን ስንስቅ መንገደኛ እንደ እብድ አይቶን አለፈ። ታዲያ ይኼን አይቼ ምን ልበል? ዳነ አልኩ።» እያወራች ሳቂታ ፊት መጣባት፤ ወዲያው ጠፋ።

እማሆይ «ሐሰት አልመሰከርሽም» አሏት። «ያየሽውን ነው የመሰከርሽ።» ከዚያ ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ ታሪክ ነገሯት፤ ሁላችንም በስቅለት ስንሰግድ የምንሰማውን። ዕድሜውን በክፋት ጨርሶ በመጨረሻዋ ሰዓት አስበኝ ስላለው፣ ከአዳም ቀድሞ ገነት ስለገባው። ገነት በር ላይ መልአኩ በእሳት ሰይፍ ሲያቆመው ምልክቱን አሳይቶ እንዳለፈ። «ለሱ ማን ፈታለት?» አሉ። «ካህን ቆመለት? ዕጣን ታጠነለት? ጭኑን ነው የሰበሩለት። በመጨረሻዋ ትንፋሽ በእሱና በጌታ መካከል ያለፈውን ሰምቶ የጻፈልን ባይኖር፣ ዛሬ ሁላችን ገሃነም ነው የሚገባ እንል ነበር። ያንቺ ባል በመጨረሻዋ ትንፋሹ ምን እንዳለ የሰማ አለ?»

እናቴ አላለቀሰችም። ብዙ ታሪክ ላይ እዚህ ቦታ ሲደረስ ሰው ይጽናናል፤ እናቴ አልተጽናናችም። ተነሥታ ጀርባዋን ሰጥታን የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እማሆይ ወደ ምሥራቅ ዞረው ለጸሎት ቆሙ። ደጃችን ላይ ነው፤ ጉሙ መውረድ ጀምሮ ነበር። የሞቱባቸውን ሰዎች ስም እየጠሩ ማሳረፊያ ለመኑ፤ እናታቸውን፣ ወንድማቸውን፣ አንዲት በልጅነቷ የሞተች ልጅን። ቀጥለው በግዕዝ «ነፍሰ ገብርከ…»፣ የባሪያህን የእገሌን ነፍስ፣ አሉና ስሙ ጋ ሲደርሱ አቆሙ። አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። ወንድሜ በጎቹን ሲያገባ አጠገባችን አለፈ፣ አያቸውና እሱም ቆመ። እማሆይ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያ ዳገት ጎድቷቸዋል። ቢሆንም አልተቀመጡም፣ ወደ ሌላ ስምም አላለፉም። እኔ እናቴን አላይም፤ ለማየት ፈራሁ። በቃ አትናገርም፣ ሊጨልም ነው ብዬ ሳስብ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«ኃይለ ጊዮርጊስ።»

በጣም ቀጭን ነበር። እማሆይ እንዳልሰሙ ዝም አሉ።

«ኃይለ ጊዮርጊስ» አለች እናቴ እንደገና፣ አሁን ጮክ ብላ።

«…ኃይለ ጊዮርጊስ» አሉ እማሆይና ጸሎታቸውን ቀጠሉ። አባቴ እንዲህ ይባል እንደነበረ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ወንድሜ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ማነው እሱ?» አለኝ። ነገርኩት።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ የተለወጠው ነገር ብዙ አይደለም። ፍትሐቱ አልተደረገም። እናቴ ንግሥ ላይ ተመልሳ የቆመችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔም ከኋላ፣ ከሴቶቹ ዳር። የእኔም «በቃኝ» በአንድ ቀን አልለቀቀኝም፤ ሲመጣ ግን ስሙን አውቀዋለሁ፣ ለእማሆይም እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም ድንች ያስለዩኛል። እማሆይ እኔ ኮሌጅ ሳለሁ አረፉ። ከእሳቸው በኋላ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እናቴ የያዘችውን ሥራ አቁማ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች።

ዛሬ እኔ አስተማሪ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ የሚያዞር ተማሪ ካየሁ አልፌው አልሄድም፤ አናግረዋለሁ፣ ወላጁን እጠራለሁ፣ ሐኪም ቤት ድረስ አብሬ የሄድኩበት ጊዜም አለ። የዛሬ ልጆች ድባቴ የሚለውን ቃል ከስልካቸውም ከትምህርት ቤታቸውም ይሰሙታል፤ እኛ ያልነበረንን ቃል አግኝተዋል። ጸበልና ክኒን አብሮ ይሄዳል የሚሉ ካህናትም አሁን አሁን አሉ። እኛ ጋ ግን አጥሩ ያው ነው፣ አስታውም አድጎ መቃብሩን ሸፍኖታል፤ በየዓመቱ ወንድሜና እኔ እንመነጥረዋለን።

ባለፈው ፋሲካ ቤት ሄጄ ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት። እንደ ልማዴ በቅደም ተከተል ነው ያስረዳኋት፤ ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ እንዴት ሄዶ እንደሚመለስ፣ የተሻለው የሚመስል ሰው ውስጡ እንደታመመ ሊቆይ እንደሚችል። እያረጀች ነው፤ ለመስማት ጆሮዋን ወደ እኔ አዘነበለች። ስጨርስ «እንግዲያ አልለቀቀውም ነበር በይኛ» አለች።

«አልለቀቀውም ነበር፣ እማ።»

«ታዲያ ጭቃው ላይ ያን ለታ የሳቀው ማነው? ሕመሙ ነው ወይስ እሱ?»

ይህን የሚመልስ ምንም ነገር አልተማርኩም። ግን የአባቴን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ጉም ሲመጣ በር ክፈቱ ሲል ሰምቼዋለሁ።

«እሱ ነው» አልኳት። «የሳቀው እሱ ነው፣ እማ።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔም እሱ መስሎኝ ነበር» አለች።